በቆጂ ላይ ያየሁት የጸባይ ዋንጫ

ከአዳማ ወጥተን የአሰላን ዳገት ስንጀምር የልጅ ልጄ የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ነበር፤ ወይም የተኛ መስሎኝ ነበር። ኅዳር ገና መግባቱ ነው። ኢተያን አልፈን ወደ ቁሉምሳ ስንቃረብ በግራም በቀኝም ስንዴው ቢጫ ሆኖ ተንጣሏል፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ ኮምባይነር ገብቶ አቧራውን ያስነሣል። በዚህ ወር አርሲን ማየት ጠግቦ እንደ መብላት ነው።

«ተነሥ እንጂ! ጭላሎን እየው» አልኩት።

«አይቼዋለሁ» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዐሥር ዓመቱ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሚመልስልኝ እንዲህ በአንድ ቃል ነበር። እናቱ «ዕድሜው ነው» ትላለች። እኔም አመንኳት። የልጅ ልጄ ተቀይሞኛል ብሎ የሚጠረጥር አያት የት አለ?

የምንሄደው ለክርስትና ነው። የእህቴ ልጅ በቆጂ መምህርት ናት፤ ባሏም እዚያው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተምራል። ወንድ ልጅ ወልዳ አርባ ቀኑ እሑድ ስለሚሞላ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ተሰብስበን እንድንበላ ጠርታናለች። እውነቱን ለመናገር ግን ልጁን ይዤው የሄድኩት ለድግሱ ብቻ አይደለም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የሮጡበትን መሬት ቢረግጥ ትንሽ የማሸነፍ እልህ ይጋባበታል ብዬ ነው።

እልህ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። በጥቅምት ወር የሚማርበት ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አዘጋጅቶ ነበር። ወላጅና አያት ተሰብስበን፣ ስልካችንን ከፍ አድርገን ይዘን፣ መጨረሻው መስመር ላይ ተደርድረናል። የእኔ ልጅ ሦስተኛ ሆኖ እየመጣ ሳለ ከፊቱ ያለው ልጅ ወደቀ። ሁለተኛ ሊሆን ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። እሱ ግን ቆመ። ጎንበስ ብሎ ልጁን አነሣው፤ እስኪያነሣው ድረስ የክፍሉ ልጆች በሙሉ አለፉት። እየተደጋገፉ ከሁሉም ኋላ ገቡ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሜዳሊያ አጠለቁ፤ ስለ ሁለቱ ልጆች ግን በድምፅ ማጉያው አንድም ቃል አልተነገረም። እኔ መኪና ውስጥ «ነርስ አለች፣ አስተማሪ አለ፤ የአንተ ሥራ መሮጥ ነው» አልኩት። ቤት ስንደርስ ደግሞ ለእናቱ «ልጅሽ ቀይ መስቀል ሊገባ ነው» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቀ። እሱ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

አሰላ ላይ ለሻይ ቆምን። ኃይሌ ገብረሥላሴ በዚህ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደው አሯሯጥ እጁ ላይ ቀርቶ፣ ትልቅ ሰው ሆኖም የግራ ክንዱን ደብተር እንደያዘ ሰው አጠፍ ያደርግ እንደነበር ነገርኩት። «እሺ» አለኝ። ከሰጉሬ በኋላ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ስንዴው ለገብስ ቦታ እየለቀቀ ሄደ። በቆጂ ከአሰላ 50 እና 60 ኪሎ ሜትር መካከል ትርቃለች፤ ከፍታዋ 2,800 ሜትር ያህል ነው። ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸታል፤ የጋሪ ፈረሶች ደወላቸውን እያንቃጨሉ ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ። ይህችን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው «ይህችው ናት?» ማለቱ አይቀርም። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህችው ከተማና ከዙሪያዋ ገጠር ወጥተው አራቱ ብቻ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ ለአገራቸው አምጥተዋል። ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱም እዚሁ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር ሆነው የመጡ ሰው ናቸው።

ማታ እራት ላይ ወጉ ሁሉ ስለ ሩጫ ሆነ። እኔም አፌን ከፈትኩ። የአቴንስን ታሪክ ማውራት የምወድ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ ሰምቶ ጨርሶታል። በነሐሴ 1996 ዓ.ም በ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ኃይሌ በቁርጭምጭሚቱ ጅማት ሕመም እየተቸገረ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው ዞር ዞር እያሉ ጠበቁት። ሩጫው የኦሊምፒክ ፍጻሜ ነው፤ ያም ሆኖ ታላቃቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። ኃይሌ መከተል እንዳልቻለ ሲያውቁ ነው የተፈተለኩት። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፤ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። ይህን ሳወራ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ ያን ማታም አቀረረ።

ልጁ እንጀራውን ትቶ ያየኛል። «ታዲያ ዞሮ ሲጠብቀው ማንም አልተቆጣውም?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ሳቁ አልወጣልኝም።

ሁሉም ከተኛ በኋላ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ወጣሁና ስልኬን ከፈትኩ። የስፖርት ቀኑን ቪዲዮ ለዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ፤ ድምፁን ከፍቼ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ልጁ ሲወድቅ ይታያል። የእኔው ሲቆም ይታያል። ከዚያ ከሁሉ በላይ ጎልቶ፣ ከስልኩ አጠገብ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ይሰማል፦ «ተወው! ተወውና ሩጥ!» ደግሞ ይጮኻል፦ «ተወው አልኩህ!» ጎንበስ ያለው ልጅ ቀና ብሎ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል።

ብርዱ አላስቀምጥ እስኪለኝ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ መምህሩ፣ ማለቴ የእህቴ ልጅ ባል፣ የክፍሎች ውድድር ስላለው አብረነው ሄድን። ሜዳው ቀይ አፈር ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ፣ በሌላው በኩል ያልታጨደ ገብስ። ልጆቹ ከመቶ ይበልጣሉ። ግማሾቹ ኮንጎ ጫማ አድርገዋል፤ ባዶ እግራቸውን የሆኑም አሉ። እኔ እንደ ልማዴ ስልኬን አውጥቼ መጨረሻው መስመር ላይ ቆምኩ። መምህሩ ክንዴን ይዞ «ጋሼ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? እዚህ የሚታየው ማን እንደቀደመ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ልጆቹም ያውቁታል» አለኝ። ወስዶ ሩቁ ኩርባ ላይ አቆመኝ።

ኩርባው ላይ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተር ይዘው ቆመዋል። ሥራቸው ከመካከልና ከኋላ ያለውን ማየት ነው። ውስጡን አቋርጦ የሮጠ፣ በክርኑ የገፋ፣ ያነሣ፣ ያበረታታ፣ መንገድ የለቀቀ ይጻፋል። ከዚያ ቦታ ሆኜ ያየሁትን ውድድር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ፊት ያሉት ዝም ብለው ያልፋሉ። ከኋላ ግን ሌላ ዓለም አለ። አንዷ የጓደኛዋ ጫማ ሲወልቅ ሳትቆም በእግሯ ወደ ዳር ትገፋላታለች፣ ማንም እንዳይረግጠው። አንዱ የወደቀውን «ካኢ! ካኢ!» ይለዋል በኦሮምኛ፤ ተነሥ፣ ተነሥ ማለቱ ነው። አንዱ ደግሞ መምህሩ የማያየው መስሎት የሌላውን ሸሚዝ ጨምድዶ ይጎትታል። ደብተሩ ላይ ሁሉም ገባ።

ሌላም ሥርዓት አላቸው። አንደኛ የወጣ ልጅ መስመሩን አልፎ አይሄድም። የመጨረሻው ልጅ እስኪገባ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፤ ይጨብጠዋል። መጀመሪያ ላይ አሸናፊዎቹ ይህን ይጠሉት እንደነበር መምህሩ ነገረኝ። ሮጠው ጨርሰው ብርድ ሲመታቸው መጠበቅ ቅጣት ይመስላቸው ነበር። አሁን የመጨረሻው ልጅ ሲመጣ የሚጮኸው አንደኛው ነው። እኔ ባየሁት ውድድር አንደኛ የወጣችው ቀጭን ልጅ ሹራቧን አገልድማ እየዘለለች ስትጣራ ነበር።

ውጤት ሲነበብ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሦስተኛ ተብሎ ስሙ የተጠራው ልጅ ወደፊት ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ዞሮ አንዱን በጣቱ አሳየ። «እሱ ነው የቀደመኝ» አለ። መምህራኑ ተያዩ፤ ወረቀቱ ተሰርዞ ተስተካከለ። እኔ አጨበጨብኩ። መምህሩ ደብተሩ ላይ ጻፈና፣ ከዚያ ግን ከሥሩ በሌላ መስመር የአንዲት ልጅ ስም ጨመረ። ይህች ልጅ ሁለተኛ ወጥታ እያለቀሰች ነበር። ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ሄዳ አንደኛዋን ጨበጠቻት፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

«ይህ ምኑ ይጻፋል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ልጁ ድሮም እውነተኛ ነው፤ ለእሱ ቀላል ነው። እሷ ግን ባለፈው ስትሸነፍ ጫማዋን ወርውራ ነው የሄደችው። ዛሬ ከቁጣዋ ጋር ስትታገል አይቻታለሁ። የእሷ ይበልጣል።»

ታዲያ የተጻፈለት ልጅ ምን ያገኛል? ሽልማት ማለት ለእኔ ዋንጫ ወይም ሜዳሊያ ስለሆነ ጠየቅሁት። ሳቀና የደረሰበትን አጫወተኝ። በመጀመሪያው ዓመት መልካም ጸባይ ላሳየ ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጥ ነበር። በሦስተኛው ውድድር ላይ ሜዳው በወደቁ ልጆች ተሞላ። አንዱ ይወድቃል፣ ጓደኛው ያነሣዋል፤ ደብተሩን እኩል ሊካፈሉ ተነጋግረዋል! አንዱ እንዲያውም በደንብ ሳይወድቅ ነው የተነሣው። ከዚያ በኋላ ደብተር የሚባል ቀረ። አሁን ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የልጁ ስምና ያደረገው ነገር ይነገራል፤ «ጥሩ ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም፣ ያደረገው ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይባላል። በሚቀጥለው ውድድር ላይ ደግሞ ማስጀመሪያውን ፊሽካ የሚነፋው እሱ ነው። ለዚያች ፊሽካ ልጆቹ ያላቸውን ክብር ብታዩት! መቼ፣ ለምን እንደሚሰጥ ግን አስቀድሞ አይነገርም። አንዳንድ ሳምንት ለማንም አይሰጥም።

«ደግሞ» አለኝ «ሳይሮጥ የሚቆም አለ። መሸነፉን አይቶ ሰው እንዳነሣ የሚያስመስል። እሱ አይጻፍም። ከልቡ የሚሮጥ ልጅ ሲቆም ነው የሚያስከፍለው።»

የጸባይ ዋንጫ ሲባል እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። ተማሪ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን እግር ኳስ ቡድን ከአንድ ውድድር ያለ አንዳች ነጥብ ሲሰናበት የጸባይ ዋንጫ ተሰጠን። መንገድ ላይ «ዘጠኝ ገብቶባቸው ሰላምታ የሰጡ» እያሉ ስላላገጡብን አምበላችን ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው ቤቱ የገባው። በዚያ ዘመን የጸባይ ዋንጫ የተሸናፊ ማባበያ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው ይመስለኛል። ይህን ለመምህሩ ስነግረው ያለኝ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

«ማታ የቀነኒሳን ሲያወሩ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ቀነኒሳ በዚያ መጠበቅ ምክንያት ወርቁን ቢያጣው ኖሮ ዛሬ እንዲህ ያወሩት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። የምናደንቃቸውን ሌሎቹንም አሰብኳቸው። የዚህችው ከተማ ልጅ ደራርቱ በ1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝታ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ ከኋላዋ ሁለተኛ የወጣችውን ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየርን እጇን ይዛ ሜዳውን አብረው ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ተከልክላ ገና መመለሷ ነበር። በ2002 ዓ.ም መጀመሪያ ደግሞ በኒው ዮርክ ማራቶን ላይ እንግሊዛዊቷ ፖላ ራድክሊፍ ተጎድታ ስትቀር ደራርቱ አብራት እንድትቀጥል አበረታታቻት። በሁለቱም ቀን ያሸነፈችው ደራርቱ ናት። ልብ ብዬ ሳየው የምንተርከው መልካም ሥራ ሁሉ የአሸናፊ ነው። ተሸንፎ የሠራው ካለ የጸባይ ዋንጫውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቤቱ ገብቷል። ወይም አያቱ ቀልዶበታል።

ምሳ ላይ የእህቴ ልጅ ጭኮ አቀረበችልን፤ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ እንደዚያ ሲታሽ ለምሳ የቀረበ ሌላ ነገር አልቀመስኩም። ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባሁ። ሯጮቹ ጠዋት ጠዋት የሚሠሩበት ጫካ ነው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ በስንት እግር እንደተደቀደቀ የማይታወቅ ቀጭን መንገድ አለው። ፊትና ኋላ ሆነን እንሄዳለን። ፊት ለፊት ባለመተያየታችን ነው መሰለኝ መናገር የቻልኩት።

«የዚያን ቀን ተወው እያልኩ የጮህኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሰምቼሃለሁ።»

«አጥፍቻለሁ።»

ዝም አለ። ቅጠሉን በጫማው እየበተነ ትንሽ ሄደ። «ደም ሲያይ ያዞረዋል» አለኝ።

«ማን?»

«ጓደኛዬ። ደም ሲያይ ራሱን ይስታል። ጉልበቱ እየደማ ነበር። እንዳያየው ነው የሸፈንኩለት።»

ቪዲዮውን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ እጁ የልጁ ጉልበት ላይ እንደነበረ ግን አላየሁም። ብዙ ነገር ሊጠይቀኝ ይችል ነበር። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለእናቴም ትነግራታለህ?» አለኝ። እሺ አልኩት። «እንደ ቀልድ አይደለም» አለ። እንደ ቀልድ እንዳልሆነ ነገርኩት። እዚያው ጫካ ውስጥ ቆመን ደወልኩላትና እያዳመጠኝ ነገርኳት።

እሑድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ሕፃኑ ተጠመቀ፤ ጩኸቱ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ረፋድ ላይ ድንኳኑ በሰው ሞላ። ስለ ድግሱ ብዙ አልጽፍም፤ የአርሲ ቅቤና እርጎ ያለበት ድግስ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ከጓሮ የልጆች ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። የሰፈሩ ልጆች ከታጨደው ገብስ ማሳ ላይ መስመር አስምረው ሊሮጡ ነው፤ የእኔውም መካከላቸው ቆሟል። ቋንቋቸውን አይችልም፤ እነሱም የእሱን በደንብ አይችሉም። በጣቶቻቸው ቆጥረው ተነሡ።

ከፍታው አዲስ አበባ ላይ ተወልዶ በመኪና ትምህርት ቤት ለሚመላለስ ልጅ አይሆንም። ግማሽ ሳይሞላ ትንፋሹ አጠረ። ከሁሉም ኋላ ቀረ፤ የእንግዳ ልብሱ ላይ አቧራ ለብሷል፤ ሆዱን ይዟል። እንዲያቋርጥ ልጠራው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሌሎቹ ከገቡ ቆይተዋል። አንደኛ የወጣው ልጅ ግን መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ሌሎቹም አጠገቡ ተሰብስበዋል። «ኮቱ! ኮቱ!» ይሉታል፤ ና፣ ና። ሲደርስ ተራ በተራ ጨበጡት። አንዷ ትንሽ ልጅ ሁለቴ ጨበጠችው።

ከዚያ እየተንገዳገደ ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«አባባ፣ አየኸኝ?»

«አየሁህ።»

«ቀረጽከኝ?»

ስልኬ ድንኳኑ ውስጥ ነበር። «አልቀረጽኩህም» አልኩት።

«ደህና» አለና ውኃ ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጠ።